አርባ ቀን ያልሞላው ሳሙና

አሰለፈች ተክለሃይማኖት ደንበኛ ስታቆላምጥ የሰማት የለም። ናዝሬት ገበያ ውስጥ መደቧ ፊት የቆመችን ሴት ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ባለፈው ቅዳሜ ወስደሻል፤ ለሌላውም ይዳረስ" ብላ ባዶ እጇን የምትመልስ ነጋዴ ነበረች። ሳሙናዋም እሷኑ ይመስል ነበር። ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሽቶ በአጠገቡ ያላለፈ፣ ትንሽ ሞራ ሞራ የሚል። ውሃ ከነካው በኋላ ግን ፊቱ የሚቆም እድፍ የለም። "እንዲህ እየነገደች እንዴት ከበረች?" የሚል ካለ፣ አልከበረችም። ግን ሱቁ ሁሉ ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ በተቀመጠበት ዘመን የእሷ መደብ አንድም ቅዳሜ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የሳሙናን ሥራ የተማረችው በንጉሡ ጊዜ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ግሪክ የከፈታት ትንሽ የሳሙና መሥሪያ ነበረች። አሰለፈች ከመርሐ ቤቴ አክስቷን ተከትላ እንደመጣች እዚያ ተቀጠረችና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳሙና በሽቦ ስትቆርጥ ኖረች። አብዮቱ ፈነዳ፤ መሥሪያዋ ተወረሰች፤ ግሪኩ አንድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባቡር ላይ ወጣ። ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጠው፣ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ኮስቲክ ሶዳ ሲቀር ደግሞ የወረሱትም ሰዎች ምን እንደሚያደርጉባት ግራ ገብቷቸው በሩን ቆልፈው ሄዱ። አሰለፈች ልብስ አጣቢ ሆነች።

ከዚያ ሳሙና ጠፋ። በቀበሌው ሱቅ ለአንድ ቤተሰብ በወር አንድ ሳሙና ይታደላል፤ እሱም ሲመጣ ነው። ሰዉ በእንዶድ ማጠብ ጀመረ፤ እንዶዱም ከከተማው ዙሪያ ተለቅሞ አለቀ። በ1971 ክረምት ግርሻ ገባ። ከቅማል የሚመጣ በሽታ ነው። የአሰለፈችን የሰባት ዓመት ልጅ ጥሩነሽን ያዛት። የክሊኒኩ ድሬሰር "ልብሱን ሁሉ በሳሙና ቀቅዪው" አላት። "ሳሙናውን ከየት ላምጣው?" አለችው። ድሬሰሩ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ልጅቷ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ዘጠኝ ዓመት ሳሙና የቆረጠች ሴት ልጇን በሳሙና እጦት ቀበረች። አሰለፈች ይህን ነገር ለማንም ይቅር አላለችም፤ ለመንግሥትም፣ ለግሪኩም፣ ለራሷማ ጨርሶ።

የልጅቷ አርባ በወጣ በሳምንቱ ጓሮዋ ውስጥ በርሜል ጣደች። ሞራው ከቄራ አጥር ውጭ ተጥሎ ውሻ የሚጎትተው ነገር ነበር። ዘይት የሚወጣው ጉሎም በየቦዩና በየቆሻሻ መጣያው ዳር ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። የጠፋው ሶዳው ነው። እሱንም መሐመድዘይን አመጣላት። መሐመድዘይን ከሻሸመኔ ናዝሬት የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሸሚዙን ለዓመታት ያጠበችለት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከአቢጃታ ሐይቅ ዳር ከብት የሚልሰውን ነጭ ዱቄት በጆንያ ጭኖ ሲመጣ አየችና በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

"እትዬ አሰለፈች፣ ከላሞቹ ጋር ልትሻሚ ነው እንዴ?" አላት እየሳቀ።

"ሳቅህን ተወውና በየጉዞህ አንዳንድ ጆንያ ጣልልኝ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደከሸፈባት እግዜር ይወቀው። አንዴ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ይቀራል፤ አንዴ ሞራው ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ይቆማል። ሌሎችም የሐይቁን ሶዳ ሞክረው ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። እሷ ግን ስምንት ወር ታግላ ምስጢሩን አገኘችው፤ ካገኘችው በኋላም ለሰው አልተነፈሰችም። ከቆርቆሮ ቤቷ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሯን ቀርቅራ ሶዳውን ታዘጋጃለች። ለሥራ የያዘቻት ረዳቷ ሎሚ እንኳ እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም። ሎሚ ከወንጂ መንገድ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ጉሎ ወቅጣ ዘይት የምታወጣው እሷ ነበረች። አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

"ያ አሰሉ፣ እኔ ሌባ ነኝ እንዴ በር የምትዘጊብኝ?" ብላ ሎሚ በኦሮምኛ ቅላጼዋ ስትቆጣ፣

"ሌባ አይደለሽም፤ ግን አፍ አለሽ" ትላት ነበር አሰለፈች።

ክፉ መልስ ነው። ግን ግሪኩ ቤቱንና ዕቃውን ሲነጠቅ፣ ያልነጠቁት ነገር በጭንቅላቱ ያለው ብቻ እንደነበረ በዓይኗ አይታለች። እሷም የምትተማመነው በዚያው ነበር።

የንግዷ ደንብ ጥቂት ነው። ሳሙናው ለድሃ መግዣ እንዲሆን ትንንሽ ተደርጎ ይቆረጣል። ሳንቲም ያጣች ሴት ከየቦዩ አንድ ጣሳ ጉሎ ለቅማ ታመጣና ሳሙናዋን ትወስዳለች፤ ስለዚህ ዘይት ተቋርጦ አያውቅም፤ ቦይ ሲያጸዱ ጉሎ የሚቆርጡ ሰዎችም ሴቶቹ እየሰደቧቸው መቁረጥ ተዉ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ "ያለሽን በሙሉ በእጥፍ ልውሰደው" ቢላት፣ "ወስደህ በሦስት እጥፍ ለማን ልትሸጠው ነው? ናዝሬት ልጅ የለም መሰለህ?" ብላ አባረረችው። ከሁሉ የጠና ደንብ ግን አርባው ቀን ነው። ከበርሜል የወጣ ሳሙና ቆጥ ላይ ተደርድሮ አርባ ቀን ሳይሞላው አይሸጥም። "ወንድ ነው ማለት ነው፤ ሴት ቢሆን ክርስትና ለማንሳት ሰማንያ እንጠብቅ ነበር" እያሉ የገበያው ሴቶች ይስቁባታል። ቀኑ ሲሞላ ከየቆጡ አንዳንድ ታነሳና በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። ከቆነጠጣት ይቆያል፤ ዝም ካላት ይወጣል።

በ1976 መጨረሻ አገር ምድሩ ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ቀይ ቀለም ይቀባ ጀመር። አጥሩ ቀይ፣ የዛፉ ግንድ ቀይ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሳይቀር ቀይ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ይባል ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ይቸግራል። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ሰው ማኅተም ሲይዝ ደግሞ ከክፉው ይብሳል። ከበላይ እንግዶች እንደሚመጡ ተነግሮታል፤ የሚያሳያቸው ነገር ያስፈልገዋል። በቀበሌው ውስጥ ለዓይን የሚሞላ ምርት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጳጉሜን ሦስት ቀን ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ የአሰለፈች ቆርቆሮ ቤት ድረስ መጣ።

"ጓዲት አሰለፈች፣ ይህ ሳሙና የቀበሌያችን የሴቶች ምርት ተብሎ ለበዓሉ ይቀርባል። ለእንግዶችም በስጦታ ይሰጣል" አላት።

"መቼ?"

"መስከረም ሁለት።"

"አይሆንም። የተሠራው ነሐሴ ሃያ ነው፤ የሚደርሰው መስከረም ሃያ አምስት ነው። ያውም ክረምቱ ፋታ ከሰጠው።"

"አብዮቱ ሳሙና እስኪደርቅ አይጠብቅም።"

"ሳሙናውም አዋጅ አይሰማም። እንግዶችዎን መስከረም ሃያ አምስት ይጥሯቸው።"

ጥበቃዎቹ መሬት መሬት አዩ። ገሠሠ ፊቱ ጠቆረ። "አንቺ ሴትዮ፣ የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?"

አሰለፈች ከቆጡ አንድ ሳሙና አንስታ ዘረጋችለት። "ደርሷል የሚሉ ከሆነ በምላስዎ ይንኩት። ካልቆነጠጠዎት እኔው ተሸክሜ አመጣዋለሁ።"

ገሠሠ አልነካውም። ሦስት መቶ ሳሙና በጆንያ አስሞልቶ ሄደ። አሰለፈች በሯ ላይ ቆማ፣ "ያቃጥላል! አላልሽም እንዳትሉኝ፣ ያቃጥላል!" እያለች መንገደኛው ሁሉ እየሰማት ጮኸች።

በዓሉ በሰላም አለፈ። እንግዶቹ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለውን ሳሙና ተቀበሉ፤ አጨበጨቡ፤ ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ ድካማቸውን ሊያወጡ ሶደሬ ወረዱ። ፍል ውሃው ስር ቆመው ያንን ጥሬ ሳሙና ከአናታቸው እስከ እግራቸው ተለቀለቁት። ያኔ የሆነውን የሶደሬ ዝንጀሮ ያውቀዋል። ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ባለሥልጣን ብብቱ ተልጦ፣ ሳምንት ሙሉ ክንዱን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍቶ ሄደ ተባለ። ናዝሬት በሯን ዘግታ ሳቀች። ገሠሠ ግን አልሳቀም። በሦስተኛው ቀን አሰለፈች "በኢኮኖሚ አሻጥር" ተይዛ ቀበሌ እስር ቤት ገባች፤ ቆርቆሮ ቤቷም ታሸገ።

እስሩን ቻለችው። ያልቻለችው ሎሚ ከገበያ ይዛላት የመጣችውን ወሬ ነው። "የአሰለፈች ሳሙና ቆዳ ይልጣል" ይባል ጀመር። ያላት ሁሉ ስሟ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ በአርባ አርባ ቀን የገነባችውን ስም ገሠሠ በአንድ ከሰዓት አፈረሰው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ገሠሠ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። እሑድ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ግለሂስ ታደርጋለች። ግለሂስ ማለት ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ የራሱን ጥፋት የሚዘረዝርበት የዘመኑ ደንብ ነው፤ ጥፋቱን ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፉለት ሌሎች ናቸው። ወረቀቱ "በግል ጥቅም ታውሬ፣ የበዓሉን ክብር ለማጉደፍ ያልደረሰ ሳሙና አቅርቤአለሁ" ይላል። ካነበበችው በዚያው ቀን ትፈታለች፤ ቤቷም ተከፍቶ በቀበሌው ኅብረት ሥራ ስም ትሠራለች። ካላነበበችው በርሜሉም ቤቱም ይወረሳል፤ እሷም ወደ በላይ ትተላለፋለች።

አሰለፈች ወረቀቱን ፊደል እየቆጠረች እስከ መጨረሻው አነበበችው። "በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ያስተማራችሁኝ ለዚህ ኖሯል?" አለችው።

በማግስቱ ሎሚ ምሳ ይዛ መጣች። አሰለፈች ወረቀቱን ነገረቻት።

"አንብቢውና ውጪ። ወረቀት ነው፤ አይነክስም" አለች ሎሚ።

"ካነበብኩት የኔ ሳሙና ሰው ላጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የትኛዋ እናት ልጇን ታጥብበታለች?"

ሎሚ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እሺ፣ አታንብቢ። ይወስዱሻል። ከዚያስ? ሶዳውን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። የኔን የልጅ ልጆች ቅማል ይብላቸው? ዋቃ ያሳይሽ አሰሉ፣ ገሠሠ በሩን አሸገ፤ አንቺም አራት ዓመት በር ዘግተሽ ስትሠሪ ኖርሽ። በኔ በኩል ምን ለየው?"

አሰለፈች በንዴት ጦፈች። "ውጪልኝ!" አለቻት፤ ምግቡንም ሳትነካ መለሰችው። ሎሚ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቃትም። ልጇ የታመመች ጊዜ በዚህ ከተማ ውስጥ ሶዳ ማዘጋጀት የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖርና በሩን ዘግቶ ቢይዘው ኖሮ ምን ትለው ነበር? አፈረች። ከታሰረች ወዲህ ፈርታም አፍራም አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን አፈረች።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ያልመጣ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ሸቀጥ የሚወስድበት ደብተሩ ይያዛል ስለተባለ ሰዉ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ነው የመጣው። የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ከገሠሠ አጠገብ የቀበሌው ጸሐፊ ኢተፋ ተቀምጧል። ኢተፋ አስተማሪ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ አንዲት ቃል አይጥልም፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ የሚጽፍ ነው ይባልለታል።

አሰለፈች ተነሳች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጓዶች፣ ጥፋቴን ከወረቀት ሳይሆን ከልቤ ልናገር።"

ገሠሠ ደስ አለው። ከልብ ከሆነማ የተሻለ ነው። "ቀጥዪ" አላት።

"የመጀመሪያው ጥፋቴ ሶዳውን መደበቄ ነው። የሐይቁ ሶዳ እንደመጣ አይሠራም። ለዚህ ነው የሞከራችሁት ሁሉ የከሸፈባችሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ እንደ ቆሎ ይቆላል፤ እንፋሎቱ ጨርሶ እስኪወጣና ክብደቱ እስኪቀል ይታመሳል። ይህን አራት ዓመት አብራኝ ከሠራችው ከሎሚ እንኳ ደብቄአለሁ። ይቅር በይኝ ሎሚ።"

የኢተፋ ብዕር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ልኩንም ደብቄአለሁ። ሦስት ጣሳ የተቆላ ሶዳ፣ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ ደግሞ ሁለት ጣሳ። በፈላ ውሃ በጥብጣችሁ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት የጠለለውን ብቻ ትቀዳላችሁ፤ እጅ እንዳይነካው። እንቁላል ጣሉበት። አናቱ የአሥር ሳንቲም ያህል ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ከሰመጠ ቀጥኗል፣ መልሳችሁ ጣዱት..."

"ጓዲት አሰለፈች!" ገሠሠ አሁን ገና ነቃ። "ይህ ግለሂስ አይደለም!"

"ነው እንጂ ጓድ ሊቀመንበር። ጥፋቱ ከሳሙናው ነው ተብያለሁ። ሳሙናው እንዴት እንደሚሠራ ሳይሰማ ሕዝቡ ጥፋቴን በምን ይለየዋል?"

"ትጨርስ!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "ትጨርስ! ትጨርስ!" አለ አዳራሹ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ገሠሠ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ዝም ማሰኘት አልተማረም። አሰለፈች ጭብጨባው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ ሞራው ሁለት እጅ፣ የጉሎ ዘይቱ አንድ እጅ መሆኑን፣ ማማሰያው ዱካ መተው እስኪጀምር አለማቋረጥ እንደሚማሰል፣ ሁሉን ተናገረች።

"የመጨረሻው ጥፋቴ" አለች ድምፅዋ እየጎረነነ፣ "ጳጉሜን ሦስት ቀን በሬ ላይ ቆሜ መጮኼ ብቻ ነው። ጆንያው ላይ መተኛት ነበረብኝ። ሲወስዱት አሥራ ሦስት ቀኑ ነበር። አርባ ቀን ያልሞላው ሳሙና ይልጣል፤ ይህን ነግሬያቸዋለሁ፣ መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። እኔ በአራት ዓመት አንድ ጥሬ ሳሙና አልሸጥኩላችሁም። ከፈለጋችሁ አሁን እሰሩኝ፤ የነበረኝን ሁሉ ተናግሬአለሁ።"

"ስብሰባው አብቅቷል!" ገሠሠ ጠረጴዛውን መታ። ጥበቃዎቹ ወደ አሰለፈች ተራመዱ።

ኢተፋ ብዕሩን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቃለ ጉባኤው ሳይነበብና ሳይጸድቅ ስብሰባ አይዘጋም። ራስዎ የፈረሙት መመሪያ ነው።"

ገሠሠ ጥበቃዎቹን በእጁ መለሳቸው። መመሪያ የሚለውን ቃል ይፈራዋል። ኢተፋም ማንበብ ጀመረ፤ አነባበቡም የአራተኛ ክፍል ልጆችን ቃል የሚያስጽፍበት ነበር። አንድ ሐረግ ያነብና ቆም ይላል፤ ያነብና ቆም ይላል። በዚያ ማቆሚያ ውስጥ እስክሪብቶ ከየነጠላው ሥር ወጣ። ሴቶቹ በሸቀጥ ደብተራቸው ጀርባ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ወልጋዳ ፊደል መጻፍ ጀመሩ።

"ጓድ ጸሐፊ፣ ኖራው ስንት ነበር ያሉት?"

"ሁለት ጣሳ። ይደገም?"

"ይደገም!"

ደገመው። ቃለ ጉባኤው ለድምፅ ሲቀርብ የተቃወመ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ የለም። ገሠሠም ፈረመበት፤ ማኅተም አሳረፈበት።

ቆርቆሮ ቤቱ አልተከፈተላትም። በርሜሉን ወረሱት፤ እሷንም አስተላልፈዋት አራት ወር ታሰረች። የካቲት ላይ ስትፈታ ሎሚ በር ላይ ጠበቀቻት። ተያይዘው በእግር ወደ ሰፈር ሲሄዱ አሰለፈች ድንገት ቆመች። ከአንድ አጥር ኋላ የሞራ ሽታ መጣባት። ትንሽ እንደሄዱ ከሌላ ጓሮ፣ ከዚያም ከሌላ። ሎሚ ሆን ብላ በዚያ መንገድ ነው ያመጣቻት።

በአንዱ የአጥር ቀዳዳ አሰለፈች አጎንብሳ አየች። አንዲት የማታውቃት ወጣት ሴት፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ፣ በርሜል ታማስላለች። እሳቱ ከልኩ በላይ ነዷል።

"አንቺ ልጅ፣ እሳቱን ቀንሺ! ይፈላብሻል!" ብላ ጮኸችባት።

ሴቲቱ ቀና ብላ በአጥሩ አየቻትና ተቆጣች። "ሴትዮ፣ መንገድሽን ሂጂ! ሳሙና መሥራት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

ሎሚ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አሰለፈች ከአጥሩ ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

"እሺ እመቤቴ፣ ይቅርታ" አለች፤ መንገዷንም ቀጠለች።